ተሳቢውን ማን ይጎትተው

እናቴ ከሁለት መኪና አንዱን በመረጠችበት ቀን አኮረፍኳት። እኔ የወገንኩት ለአሮጌው ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ሲወግን በሙሉ ልቡ ነው፣ ምክንያት ቢደረድሩለትም ጆሮ አይሰጥም።

አሮጌው ፊያት ነበር፣ የጥንት ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሉት። አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ መሪው እንደ ድሮዎቹ የጣሊያን መኪኖች በስተቀኝ፣ ብርቱካናማ ቀለሙ በባሕሩ ጨው የተላላጠ። አባቴ ባሺር ከድሬዳዋ ጅቡቲ ድረስ ራሱ እየነዳ ነው ያመጣው። አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ አጠገብ፣ ቤታችን ፊት ለፊት ሲቆም የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጥላው ሥር ተኮልኩለን ከፀሐይ እንሸሸግ ነበር። ትምህርት ቤት «የትኛዋ ሂንድ?» ሲባል «የኤንትሬዋ» ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ አቤት እላለሁ።

ከፊያቱ ኋላ የሚታሰረው ተሳቢም የኛ ነበር። ከወደብ ሩዝና ዱቄት ተጭኖበት ዲኪል ላሉ ባለሱቆች ይሄዳል። የምንበላውም፣ የምማርበትም፣ የቤት ኪራዩም ከዚያ ተሳቢ ነበር የሚወጣው። ተሳቢ ግን በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚጎትተው ከሌለ የቆመ ብረት ነው።

አባዬ በልብ ሕመም ሞተ። የዲኪል ባለሱቆች ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ የማይሙና ዒዳ እስኪያልቅ ዕቃቸውን በሰው መኪና እንደሚያስጭኑ፣ ከዚያ ወዲያ ተሳቢው ካልተነሣ ግን ሌላ ቋሚ ሰው እንደሚይዙ ነግረውን ሄዱ። ማይሙና እናቴ ናት። ስለዚህ ዒዳዋ ሳያልቅ አንድ ነገር መቁረጥ ነበረባት፦ ተሳቢውን ማን ይጎትተው? አሮጌው ፊያት ወይስ አዲስ መኪና?

ዒዳ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቀመጥባቸው ወራት ናቸው። አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም፣ የሚያስገድድ ነገር ካልመጣ በቀር ደጅ አትወጣም። ይህን ለእኔ ያስረዳኝ አልነበረም፤ ወይም አስረድተውኝ አልሰማሁም። እናቴ የፈራች መስሎኝ ነበር። ማንን እንደፈራች ስመረምር አጎቴ ኢስማኤልን አገኘሁ፤ እሱ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነበራ የምታናግረው! ኢስማኤልን የሚፈራ ሰው ደግሞ ይኖራል ብዬ ስላላሰብኩ በእናቴ አፈርኩ።

አጎቴ ኢስማኤል የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። የአባዬ ልብ መድከም ከጀመረ ወዲህ ፊያቱን የሚነዳው እሱ ብቻ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ፣ ከዲኪል በተመለሰ ቁጥር ከኪሱ ለእኔ የሚሆን ነገር የማያጣ ሰው። ፊያቱ ቁልፍ ስላዞሩለት ብቻ የሚነሣ መኪና አልነበረም። አጎቴ መጀመሪያ ነዳጁን በእጁ ይስብለታል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ ቁልፉን ግማሽ ያዞርና እሱ ብቻ የሚያውቀውን ድምፅ ሲሰማ ይጨርሰዋል። ማርሹም እንደዚያው ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሁለቴ ተረግጦ፣ ሞተሩ ተደምጦ። በአገሩ ከሱ በቀር የሚችልበት አልነበረም። እኔ ይህን የመኪናውም የአጎቴም ትልቅነት አድርጌ ነበር የማየው።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አጎቴ ሐጂ ረምዚን ይዞ መጣ። ሐጂ ረምዚ ጅቡቲ ላለነው የድሬዳዋ ሰዎች ሽማግሌያችን ነበሩ፤ ጠብ የሚያበርዱትም፣ ውርስ የሚያካፍሉትም እሳቸው። ሁለቱ የውጭው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እናቴና የአባዬ እህት አክስቴ ዓዚዛ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። እኔ መሐል ላይ፣ የሁለቱንም ወገን እግር እያየሁ፣ ጆሮዬን ቀስሬ። በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ሲርቅ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሐጂ ረምዚ ፊያቱን አሞገሱት። የባሺር ላብ ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል፣ እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ አይሠራም አሉ። አዲስ መኪና ማለት አዲስ ጣጣ ነው፤ የማያውቁት ሹፌር ቤት ደጅ ላይ ይመላለሳል፣ የሰው አፍ ይከፈታል። ኢስማኤል እያለ ይህ ሁሉ ለምን? አጎቴ ራሱ ብዙ አልተናገረም። አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን ክር ይመዛል። እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ያሉት ሁሉ እኔ ልል የምፈልገው ነበር።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ረምዚ በመጨረሻ፣ «ኢስማኤል ሩቅ ሰው አይደለም። የባሺር ልጅ በባሺር ወንድም እጅ ብታድግ ምን ክፋት አለው? ዒዳሽ ሲያልቅ ሁሉም መልክ ይይዛል።»

አክስቴ ዓዚዛ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለች እናቴ። «አሁን የመኪናውን ነገር ልጨርስ። ከዒዳ በኋላ ያለውን ከዒዳ በኋላ እናያለን።»

ምን እንዳለች በደንብ የገባኝ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አክስቴ ዓዚዛ ነገሩን ስትዘረግፍልኝ ነው። በዒዳ ላይ ያለችን ሴት በግልጽ ላግባሽ ማለት በሃይማኖታችን ክልክል ነው። የሟች ወንድም መበለቲቱን ማግባቱ ደግሞ በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ዱማል ይሉታል፣ የኛዎቹም ያደርጉታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ያንን እያሰበ ነበር፣ ማንም ግን አፉን ሞልቶ ሊናገረው አይችልም። የሚቻለው ስለ መኪናው መነጋገር ነው። አጎቴ አሮጌውን ፊያት ከነዳ የዕለት እንጀራችን በሱ እጅ ገባ ማለት ነው፤ ያለ እሱ የሚያስነሣው የለምና። ኑሮዋ በሱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሐጂ ረምዚ ዒዳው ባለቀ ማግስት ጥያቄውን ይዘው ሲመጡ እናቴ በየትኛው አፏ እምቢ ትላለች? የሠላሳ ዓመት ሴት ነበረች። ባሏን ትወደው ነበር፤ ሌላ ባል፣ ያውም የሱን ወንድም፣ አልፈለገችም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ኤንትሬው ከቀረ አባዬም ትንሽ ይቀራል። ከሄደ አባዬ ጭራሽ ሄደ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሽበታም ፈረንሳዊ በራችን ላይ መኪናውን አይቶ ቆመ። የድሮ መኪና ይሰበስባል አሉ። ፊያቱን ዙሪያውን ዞረው፣ ፎቶ አነሣው፣ አፍንጫውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ለአክስቴ ዓዚዛም ከሸጣችሁት ለማንም ሳትሰጡ ጥሩኝ ብሎ ሄደ። ማግስቱን ትምህርት ቤት ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። ፈረንሳይ ድረስ ስሙ የተሰማ መኪና የማን አባት አለው? አጎቴ ሲሰማ ተቆጣ፤ የወንድሜ መኪና የቤት ጌጥ አይደለም አለ። እኔም አጎቴን ይበልጥ ወደድኩት።

እናቴ ግን አክስቴ ዓዚዛን እየላከች ሌላ ነገር ትሠራ ነበር። አክስቴ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው የመኪና ሻጭ ጋ ትመላለሳለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ሁለቱ ጓዳ ገብተው ይንሾካሾካሉ። የእናቴ የመህር ወርቅ፣ አባዬ ሲያገባት የሰጣት፣ ክንዷ ላይ ይንሿሿ የነበረው አምባር ሁሉ፣ እጇ ላይ አልነበረም። ለምን እንዳወለቀችው አክስቴን ስጠይቃት በዒዳ ወርቅ አይደረግም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አይደረግም። ዒዳው አልቆ ግን አምባሮቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ከዚያ እናቴ ሁለቱም መኪኖች ደጄ ይምጡና በዓይኔ ልያቸው አለች። እኔ መውጣት አልችልም፣ እነሱ ይምጡ ነው ያለችው።

ጠዋት ነበር፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ። ተሳቢው ታች፣ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ግማሽ ጭነት ተጭኖ ቆሟል። ሥራው እዚያ ወርዶ ተሳቢውን ማሰር፣ ዳገቱን እየጎተቱ መውጣት፣ ዳገቱ መሐል ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት ነው። ይህን ያዘዘችው እናቴ ናት፤ አባዬ ከዲኪል ሲመለስ ስለ መንገዱ የሚያወራላትን ሁሉ ስትሰማ የኖረች ሴት ነበረች። አሁን መስኮቱ ላይ፣ ከእንጨት ፍርግርጉ ኋላ ቆማለች። ሐጂ ረምዚ ወንበር ወጥቶላቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል።

አዲሱ የቻይና መኪና ነው። ነጭ፣ ጋቢናው ረጅም፣ የመቀመጫው ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ። ጠጋ ብዬ ሳሸተው የአዲስ ጫማ ሳጥን ይሸታል። ጠላሁት።

መጀመሪያ አጎቴ ኢስማኤል ኤንትሬውን አስነሣው። ነዳጁን ሳበ፣ ጠበቀ፣ ቢስሚላህ አለ፣ አደመጠ። ሞተሩ ሲያገሳ ከእግሬ ሥር ያለው አሸዋ ተንቀጠቀጠ። ወደ ታች ወርዶ፣ አንዴ ብቻ ዞር ብሎ አይቶ፣ ተሳቢው መንጠቆ ላይ ልክ ገባ። ዳገቱን ወጣ፣ መሐል ላይ ቆመ፣ ሳይንሸራተት ተነሣ። ሰፈሩ አጨበጨበ፣ ሴቶች እልል አሉ። እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከመስኮቱ የእናቴ ድምፅ መጣ። ጮክ አላለችም፣ ግን ሰው ሁሉ ዝም አለላት።

«ኢስማኤል፣ እጅህን ይባርከው። ተሳቢውን መልሰውና አሁን ደግሞ ጉዲና ይንዳው።»

ጉዲና የጎረቤታችን ሹፌር ነው። ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ ከወደብ እስከ ድንበሯ ጋላፊ ይመላለሳል፣ ከሁለቱ መኪኖች ግን አንዱንም ነድቶ አያውቅም።

«እሱ አይችልበትም» አለ አጎቴ። በኩራት ነው ያለው፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

«እሱን ነው ማየት የፈለግኩት» አለች እናቴ።

ጉዲና በግራ በር ዘሎ ገባ። መሪው በቀኝ መሆኑን ሲያይ ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ሞተሩን ለማስነሣት ብዙ ታገለ። ሲነሣለት ደግሞ ማርሹ የሚያሰማው መንጨርጨር ጥርስ ያስነክሳል። ተሳቢውን እንደምንም አሰረው፣ ዳገቱን ግማሽ ድረስ ወጣ፣ እዚያው ላይ ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ጠፋ። አጎቴ አላስቻለውም፤ ሽርጡን ሰብስቦ ሮጠና ጋቢናው ውስጥ ዘሎ ገብቶ መኪናውን ከመከራው አወጣው።

ተሳቢው ታች ከተመለሰ በኋላ ጉዲና አዲሱ ላይ ወጣ። ቁልፍ አዞረ፣ ተነሣ። ወረደ፣ አሰረ፣ ወጣ፣ ቆመ፣ ተነሣ። ማንም አላጨበጨበም፤ የሚጨበጨብለት ነገር አልነበረም። እኔ ይህ ማጭበርበር ነው ብዬ ተንጨረጨርኩ። ኤንትሬውን የማያውቅ ሰው ላይ ጥሎ ማዋረድ ምን ይሉታል? ፈረስን በማያውቀው ሰው አስጋልቦ ሰነፍ ነው እንደማለት ነው።

«አዲሱ ይሁን» አለች እናቴ። «ፊያቱ ይሸጥና ኢስማኤል የውርስ ድርሻውን ከሱ ይውሰድ። ተሳቢው ለሂንድ ይቅር። ሐጂ፣ ይህ ትክክል ነው?»

አባዬ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ወንድሙም በሸሪዓው ድርሻ ነበረው። ሐጂ ረምዚ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያ ወደ አጎቴ፣ ከዚያ ወደ ነጩ መኪና። በመጨረሻ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ትክክል ነው ልጄ። ገባኝ።»

ስለ ሞተር የገባቸው መስሎኝ ተናደድኩባቸው። ሽማግሌ ሆነው በላስቲክ የተሸፈነ መቀመጫ አታለላቸው አልኩ።

አጎቴ ከኤንትሬው ጋቢና አልወረደም። እየተንጠላጠልኩ አጠገቡ ወጣሁ። በትከሻው ላይ ባለው ፎጣ መሪውን ይጠርጋል፣ እንባው ይወርዳል። ለመኪናው የሚያለቅስ መስሎኝ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ለመኪናውም ነበር፣ ግን ለሱ ብቻ አልነበረም። አንገቴን አቅፎ ይዞኝ ቆየ።

«ሂንድ፣ እናትሽ ጎበዝ ሴት ናት» አለኝ።

ተበድሎም ደግ ይናገራል ብዬ አንጀቴን በላው። እናቴን አኮረፍኳት፣ ከአክስቴ ጋር ተኛሁ፣ ስትጠራኝ አልሰማሁም መሰልኩ። እሷም አላባበለችኝም። ፈረንሳዊው መጥቶ ኤንትሬውን ሲወስድ የሰፈሩ ልጆች እስከ ዋናው መንገድ ሮጠው ሸኙት፤ እኔ አልወጣሁም።

ዒዳዋ ሲያልቅ እናቴ ታጠበች፣ ተኳለች፣ አረንጓዴ ድሪያ ለበሰች። ጉዲናን ቀጥራው ነበር። ዱቄቱ ወደብ ላይ ተጭኖ አልቆ ስለነበር ወደ ዲኪል እንሂድ አለችኝ። አልሄድም አልኳት። እጄን ይዛ ጋቢናው ላይ ሰቀለችኝና ራሷ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ አላናገርኳትም፤ ነፋሱ ግን ደስ ይል ነበር፣ ይህን አልክድም። ዲኪል ስንደርስ ባለሱቆቹ ወጥተው ጉዲናን ከበው ጨበጡት፣ ስለ ዕቃው ይጠይቁት ጀመር። ጉዲና ሳይመልስላቸው ወደ እናቴ አሳየ። እናቴ ድሪያዋን ሰብሰብ አድርጋ ከዚያ ከፍታ ቀስ ብላ ወረደችና ሰላምታ ሰጥታ፣ ከየትኛው ሱቅ ማራገፍ እንጀምር አለቻቸው። ሰዎቹ መንገድ ከፈቱላት። ኩርፊያዬን ረስቼ ቶሎ ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዲያዩ።

አጎቴ ኢስማኤል ለጥቂት ወራት ጠፋ፤ ድሬዳዋ ነው አሉ። አንድ ጠዋት ግን ደጃችን ላይ ቆሞ አገኘነው። ሹፌር ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ ሁለተኛ ሰው እንደሚያስፈልጋት፣ ክፍያውም ከጉዲና ጋር እኩል እንደሆነ ነገረችው። እሺ አለ። በሁለተኛው ዓመት ውዳድ የምትባል የሐረር ልጅ ሲያገባ የሙሽራዋን ዕቃ፣ አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም፣ በኛ ተሳቢ ነው ያመጣንለት። እናቴ ሰርጉ ላይ ከሁሉም በላይ ጨፈረች። ዛሬ ሦስት ተሳቢ አላት። እኔ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ካለው ቢሮዬ በመስኮት ወደ ወደቡ ሳይ አንዱ ሲያልፍ አያለሁ፣ ባየሁትም ቁጥር እኮራለሁ። ዕቃ አሁን በባቡር ናጋድ ጣቢያ ድረስ ይመጣል፣ ሥራው ቀነሰ ይሏታል ሰዎች። እሷ ዲኪል ባቡር አይገባም ትላቸዋለች።

አክስቴ ዓዚዛ ነገሩን ከነገረችኝ በኋላ እናቴን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ዳዳኝ፤ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። የጠየቅኳት ባለፈው ዓመት፣ በኒካሕዬ ቀን ነው። ሴቶቹ ጓዳ አስቀምጠውኛል፣ ሂናዬ ገና አልደረቀም። ወንዶቹ በውጭው ክፍል ቃዲውን ይጠብቃሉ፤ ሙሽራው አኒስም እዚያ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ የራስ ልብሴን ታስተካክልልኝ ነበር።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ ለአጎቴ ለምን በግልጽ እምቢ አላልሽውም? ለምን መኪና ለመኪና?»

አየት አደረገችኝ። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም።

«ያልጠየቀኝን ሰው እንዴት ብዬ እምቢ እለዋለሁ?» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስኪጠይቀኝ ብቆይ እምቢ ማለቴ አይቀርም ነበር። በሰው ፊት እምቢ የተባለ ወንድ ደግሞ እዚህ ደጅ ተመልሶ አይመጣም። ወንድም የለሽ፣ አያት የለሽ። ዛሬ በአባትሽ ቦታ ወሊ ሆኖ ማን ይድርሽ ነበር?»

እኔ ለአባዬ መኪና ሳለቅስ እሷ አጎቴን ታቆይልኝ ነበር፣ ከፍርግርግ ኋላ ቆማ፣ ማንንም ሳታዋርድ። የሷ ልጅ በመሆኔ የተሰማኝን ኩራት በቃል ልነግራት ፈልጌ፣ ሂናዬ አለመድረቁን ረስቼ እጇን ያዝኩ።

በዚህ መሐል ውጭው ክፍል ፀጥ አለ። የቃዲው ድምፅ ተሰማ፤ ወሊው ማን ነው ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ ኢስማኤል። «የወንድሜን ልጅ፣ ልጄን፣ ሂንድ ባሺርን ለአኒስ ድሬያለሁ።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ከዚያ ሴቶቹን እልል በሉ አለቻቸው።